ወርቁ የሠራው ድምፅ

ወርቁ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ጁባ የገባው የሱዳኑ የሰላም ስምምነት በተፈረመ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማላኪያ በሚባል ሰፈር በቆርቆሮ በተከለለ ቦታ ይበይዳል። ዋና ሥራው የጭስ ማውጫን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ መጠገን ነው፤ የጁባ መንገድ የመኪና ሆድ ስለሚገርፍ ሥራ አያጣም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አላገባም። ዓመት ሙሉ ምሳውን የበላው ሒሩት በምታስተናግድበት ምግብ ቤት ነው። የልቡን ግን አልነገራትም።

ሥዩም የሚባል ባለ ሆቴል እዚያው ምግብ ቤት መመላለስ ጀመረ። ሒሩት የእሱን ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ ስትወለውል ወርቁ አየ። ከዚያ በኋላ ምሳውን ሳይጨርስ ይነሣ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሥዩም ከካምፓላ ያስመጣትን ባለ ተርቦ ሱባሩ ይዞ ወርቁ ዘንድ መጣ። ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ጭስ ማውጫ ጠባብ ነው፣ ጉልበቷን ያፍነዋል ተብሎ ሰፊ ቧንቧ ገዝቷል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ማርሚታ እንዲገባለት ፈለገ።

ወርቁ ሁለት ቀን ሠራ። የዛጉትን ብሎኖች ዘይት አጠጥቶ አሳደራቸው። ከተርቦው ሥር ጭስ እንዳያሾልክ አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጦ አስገባ፤ ቧንቧውን ከወለሉ እንዳይጋጭ አርቆ ሰቀለው። ሥራው እንከን አልነበረውም። ማርሚታውን ግን አላስገባም።

«ጋሽ ሥዩም፣ ተርቦ ራሱ ድምፅ ይውጣል» አለው። እውነቱን ነው፤ የሚውጠው ግን ትንሽ ነው። ወርቁ የፈለገው መኪናዋ የት እንደምትቆም ማወቅ ነበር።

አወቀም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ከማላኪያ ገበያ በኩል ተነሥቶ ወደ ኮር ዊሊያም ይሄዳል፤ ሒሩት በተከራየችበት ሰፈር ቀጥ ይላል። ወርቁ ብየዳውን አቁሞ ያዳምጣል። እንደገና እስኪነሣ ድረስ እጁ ሥራ አይዝም።

በሦስተኛው ሳምንት ሒሩት ራሷ መጣች።

«ወንድምዬ፣ ላስቸግርህ ነው» አለችው።

ሥዩም ሽማግሌ ሊልክ ነው። ወላጆቿ አገር ቤት ናቸው፤ እዚህ ቤተሰብ ሆኖ የሚቀበልላት የለም።

«ካንተ ሌላ ማን አለኝ? መኪናዋንም ያሰማመርካት አንተ ነህ። ገና ከማላኪያ ስትነሣ እሰማትና ቤቴን አሰናዳለሁ።»

ወርቁ እሺ አለ።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ሒሩት ቤት መጡ። ወርቁ ኮቱን ለብሶ ተቀመጠ፤ ሒሩት ጓዳ ገባች። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ተክለማርያም እንደ ወጉ ቆመው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን አሉ። ወርቁ ጆሮውን ወደ ውጭ ጣለ። የሥዩም መኪና ውጭ ቆማ ሞተሯ ይንደቀደቃል።

«የሰው ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም» አለ። «ከዘመድ እንማከር። የዛሬ ወር ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ አልከፋቸውም፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ የለም። እንዲያውም ጨዋ ቤት ነው እየተባባሉ ወጡ።

ሒሩት ከጓዳ ስትመጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«የእናቴ ልጅ እንኳ እንዲህ አያስከብረኝም» አለችው።

ወርቁ ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ቀጠሮውን ለማራዘም የሚሰጠውን ምክንያት እያሰበ ነበር።