የወይራዋ ሽብልቅ

የአያትሽን የእንጨት ሥራ ሣጥን የከፈትሁት አርባው ከወጣ በኋላ ነው። መጋዙም መላጊያውም እንዳሉ ነበሩ። ከእነሱ ሥር በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት የወይራ ሽብልቅ አገኘሁ። አውራ ጣት የምታህል ናት። አሸተትኋት። ከስንት ዘመን በኋላ እንኳ የወይራው ሽታ ከውስጧ አልወጣም።

አንቺ በዚያ ሰሞን አኩርፈሽ ነበር። አዲሱ ጨዋታ የጎንደሯ ጓደኛሽ ቤት ላለው የቴሌቪዥን መጫወቻ ብቻ ወጥቶ፣ አባትሽ ለገዛልሽ አልመጣም። «ሆን ብለው እኮ ነው፣ እማማ። የእነሱን እንድንገዛ ነው» አልሽኝ። ሽብልቋን በእጄ አገላበጥኋት። እንዲህ ያለው ነገር በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ እኛ ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ ያውቃል።

አባቴ ሻይ ቤት ነበረው። ሰው የሚመጣው ግን ለሻዩ ሳይሆን ከአሥመራ ላስመጣው ጆተኒ ነበር፤ በዘንግ የታሰሩ ትንንሽ የእንጨት ተጫዋቾች ኳስ የሚለጉበት ጠረጴዛ። ኋላ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ሌላ ሻይ ቤት ከፈተች። አባቴ «እመት ማዶ» ይላት ነበር። እሷም በሯ ላይ ቆማ «ጌታው፣ ያን ጠረጴዛ እስካሁን ብል አልበላውም?» ትለዋለች።

ደንበኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከደረስጌና ከበየዳ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ። እስከ መስቀል ድረስ ወዲህም ወዲያም ይላሉ፤ መስቀል ካለፈ አንዱን ቤት ለምደው ዓመቱን እዚያው ይከርማሉ። ስለዚህ ሁለቱም ቤቶች አዲስ ጨዋታቸውን ክረምቱን ሙሉ ደብቀው ለዚያ ሰሞን ያወጡታል። አንዱ ቤት ያለው ጨዋታ ሌላው ቤት አይገኝም። «ቀድመሽ ካወጣሽው ይቀዱብሻል፤ ከዘገየሽ ተማሪው አመለጠሽ» ይለኝ ነበር አባቴ።

አንድ ክረምት እመት ማዶ በአንድ ወጣት አናጢ ጨዋታ እያሠራች ነው የሚል ወሬ ሰማን። አባቴ እንቅልፍ አጣ። «ዘንድሮ ተማሪው ከከዳኝ ይህን ቤት እዘጋዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ደህናውን በርጩማ አንስቶ አንድ እግሩን በጉልበቱ ሰበረና ሰጠኝ።

«ውሰጅና አሠሪው። ያየሽውን ሁሉ ይዘሽልኝ ነይ።»

አናጢው ቤት ስደርስ ጭጋጉ እስከ በሩ ገብቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቤቱ አዲስ የተላገ ጥድ ጥድ ይሸታል። በርጩማውን ገልብጦ አየው።

«ይህ በራሱ የተሰበረ አይመስልም።»

«ሰው ተቀምጦበት ነው።»

«አባትሽ እንደዚህ ወፍረዋል?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀና ከጥግ ያለውን ጆንያ ገለጠው። አዘንብሎ የተቀመጠ፣ ምስማር የተተከለበት፣ ታች በኩል ቁጥር የተጻፈባቸው ጉድጓዶች ያሉት የጥድ ሰሌዳ ነበር። ከላይ አንዲት ብይ ለቀቀ። ብይዋ ምስማሮቹን እየነካካች፣ ቅጭል ቅጭል እያለች ወርዳ በስተቀኝ ካለው ጉድጓድ ገባች። ከዚያ ከሰሌዳው ሥር ይህችን ሽብልቅ አወጣና በሌላው ጥግ ሥር አስገባት። ያችኑ ብይ ከዚያው ቦታ ለቀቃት፤ በሌላ መንገድ ወርዳ ወደ ግራ ሄደች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት፣ የሻይ ቤቷ በር ሳይከፈት፣ ቦታዋን እለውጣለሁ። ሰሌዳው አንድ ነው፤ ጨዋታው ግን በየሳምንቱ ሌላ ይሆናል» አለኝ።

የማን ልጅ እንደሆንሁ ያውቃል። ለማንም አትንገሪ ግን አላለኝም።

ለአባቴ ምስማሮቹን ነገርሁት። ጉድጓዶቹን፣ ቁጥሮቹን፣ የሰሌዳውን ቁመት ነገርሁት።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም» አልሁት።

አባቴ በሌላ አናጢ አሠርቶ፣ ሰሌዳውን እንዳዘነበለ ጠረጴዛ ላይ በምስማር አስመታውና ከደመራ ሦስት ቀን ቀድሞ አወጣው። ቤቱ ሞላ። አባቴን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አላየሁትም። ጥቅምት ሲገባ ግን አንድ የበየዳ ተማሪ «አባባ፣ የእርስዎን ሰሌዳ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ያዝነው፤ ጨፍነን እንድገምልዎት?» አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ተማሪ ማዶ ነበር። ኅዳር ላይ ወንበሮቻችን ባዶ ቀሩ።

ለገና አባቴ ጆተኒውን ለአንድ የዳባት ሰው ሸጦ ቤቱን ዘጋ። መኪና ላይ ሲጭኑት የእንጨት ተጫዋቾቹ በዘንጋቸው ላይ ይሽከረከሩ ነበር።

«ልጄ ያየችውን ሁሉ ነግራኛለች» አለ ለጎረቤቱ። «በየሳምንቱ አዲስ ሰሌዳ ከምታሠራ ሴት ጋር ግን ማን መወዳደር ይችላል?»

እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ይል ነበር። እኔም በተናገረው ቁጥር አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

አናጢውን ካገባሁት በኋላ አንድ ቀን በር ሲልግ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ሽብልቋን ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ረሳሁት።»

ፍቅፋቂውን እፍ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ግን ዕድሜያችንን ሙሉ ጨው ረሳሁ ስል፣ ቁልፍ ረሳሁ ስል፣ «እንደ ሽብልቋ ነው?» ይለኝ ነበር። ልጆቻችን ነገሩን አያውቁትም፤ እሱ ሲስቅ አይተው ይስቃሉ።

ከአልጋ መነሣት ባቃተው ጊዜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ረሳሁት» አልሁት። እጄን ያዘኝ። «እንደ ሽብልቋ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ትናንት መነጽሬን የት እንዳኖርሁት ጠፋኝ። «ረሳሁት» አልሁ፣ ጮክ ብዬ። በእውነትም ረስቼው ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም።