ካልታዘዘ የማይነሳ ቢላ

ማሽኑ ፍኖተ ሰላም ማሠልጠኛው ግቢ የገባ ዕለት በዕልልታ ተቀብለነዋል። ቶርኖ ቤት እንኳ ድሮም እናውቃለን፤ ይኼኛው ግን በኮምፒውተር ታዝዞ ብረት የሚጠርብ ነው ተባለ። ካድሬው ንግግር አደረገ፣ እኛም አጨበጨብን። በማግሥቱ ማሽኑን ሸራ አለበሱት። ሸራው የሚገለጥ ከክልል እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። ቁልፉ ንብረት ክፍል ሰውየው ዘንድ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ነው። ከስብሰባ ሲመለስ ግምገማ፣ ከግምገማ ሲመለስ ሥልጠና ይገባል። በዚያ ዘመን ሳይገመገም የኖረ ያ ማሽን ብቻ ይመስለኛል።

ልጄን እዚያ ትምህርት ክፍል መደቧት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ብረት የሚበላ ማሽን ጣት እንደማይምር ለማወቅ ግን አምስተኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን በሻሽ አጥብቄ እያሰርሁ፣ እጅጌዋን እየሰበሰብሁ እልካት ነበር። አንድ ቀን ሳቋ መጣ።

«እማዬ፣ በከንቱ አይጨነቁ። እስካሁን የነካሁት ጠመኔ ነው።»

እውነቷን ነው። መምህሩ ማሽኑን ሰሌዳ ላይ እየሣለ ነበር የሚያስተምራቸው። ትእዛዙ መስመር በመስመር ይጻፋል፦ እዚህ ሂድ፣ ይህን ያህል ውረድ፣ ቁረጥ። ለእያንዳንዱ ፊደልና ቁጥር አለው። በመጨረሻ ከውጭ መዛኝ ይመጣል፤ ሸራው ይነሳል፤ ማሽኑ የእያንዳንዱን ተማሪ ጽሑፍ እየተቀበለ ይሠራል። ካለፈች ቡሬ ሥራ ትገባለች። ከወደቀች ግን ሽማግሌ የላከ አንድ የእህል ነጋዴ አለ። ከአባቷ የሚያንሰው በጥርስ ቁጥር ብቻ ነው። ባለቤቴ ሽማግሌዎቹን «ከፈተናው በኋላ ኑ» ብለው በፈገግታ ሸኝተዋቸዋል። ያ ፈገግታ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

«ማሽን ከጠፋ እኔ ማሽን ልሁንልሽ» አልኋት።

የልብስ ሳሙና በማስመሪያ አሰመርን። እሷ ከወረቀቷ ታነባለች፣ እኔ በቢላ እጠርባለሁ። ሥራው ጎን ለጎን ሁለት ቦይ ማውጣት ነው። ፍርፋሪውን በጣሳ እያጠራቀምሁ አጥብበት ነበር፤ እንደዚያ ዓመት ንጹሕ ሆነን አናውቅም። ጥንቁቅ ነኝና አንዱን ቦይ ስጨርስ ቢላውን አነሳለሁ፣ በመቀነቴ እጠርገዋለሁ፣ ሁለተኛው ላይ አሳርፋለሁ። ሳሙናው ሲያምር ልጄ ወረቀቷን ስማ ታስቀምጣለች።

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀር፣ ለእሷ ጣት ስሳቀቅ የኖርሁት ሴት፣ ሽንኩርት ስከትፍ የራሴን ቆረጥሁት። ልጄ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ቢላውን ቢይዙልኝ?»

«ምን ያደርግልሻል? ነጋዴው እንደሆነ ሳሙና በካርቶን ነው የሚገዛልሽ» አሉ፤ ቢሆንም ያዙላት።

ባለቤቴ በትዳር ዘመናችን ያልታዘዙትን ሠርተው አያውቁም። በርበሬ ደጅ ተሰጥቶ ዝናብ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሲበሰብስ ያዩታል። ብቆጣ «መች አንሳ አልሽኝ?» ነው መልሳቸው። ያን ዕለትም የመጀመሪያውን ቦይ እንደታዘዙት አወጡ። ልጄ ቀጠለች።

«አሁን ወደ ቀኝ ይሂዱ።»

ቢላው ሳሙናው ውስጥ እንደተተከለ ወደ ቀኝ ሄዱ። ሳሙናው ለሁለት ተገመሰ።

«ምነው አባዬ! አያነሱትም እንዴ?»

«መች አንሳ አልሽኝ?»

ልጮህ አፌን ስከፍት የልጄን ፊት አየሁ። ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች እየፈለገች ነበር። «ተነስ» የሚል መስመር የለም። መምህሩም ሰሌዳው ላይ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲያልፍ ጠመኔውን የሚያነሳው እጁ ነው። በቤትም እኔ ሳልታዘዝ እያነሳሁ ጉድለቷን ስሸፍንላት ኖሬያለሁ። ማሽን እንዲህ ያለ እናት የለውም። እዚያው ቁጭ ብላ «ተነስ»ን አስገባች፤ አባቷም በአዲስ ሳሙና እንደተጻፈው ሠሩላት።

በማግሥቱ በሶ ይዤ የወርክሾፑ መስኮት ሥር ቆምሁ። ሸራው ተነሳ። ወንዶቹ ማሽኑን ፈርተው ወደኋላ እያሉ፣ «ሴት ትቅደም፣ የሴቶች ተሳትፎ እኮ ነው!» ብለው ልጄን ገፏት። መቁረጫው ወረደ፣ ቦዩን አወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ ተነሳ፣ ተሻገረ፣ ደግሞ ወረደ። መዛኙ ሥራዋን በጣቱ ዳሰሰና «አልፈሻል» አላት።

ቀጥሎ የገባው ከሁሉም በላይ ሲጮህ የነበረው ጎረምሳ ነው። የእሱ መቁረጫ ሳይነሳ ሄደ። ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ተሰማ፣ መቁረጫው ተሰበረ። መዛኙ ሌላ እንዲያመጡ ጠየቀ። ንብረት ክፍሉ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ከስብሰባ ተርፎ የመጣው፣ «በግዥ ሂደት ላይ ነው» አለ። ፈተናው ተበተነ፤ ሸራውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ባለቤቴ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩላቸው።

«ልጄን ማሽን ያስተማርኋት እኔ ነኝ! ይህን ሁሉ ደክሜ ለእህል ነጋዴ ልሰጣት ነው?»

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ፤ እኔ የታሰረውን ጣቴን አየሁ። እሳቸው ስለ ማሽን ሲያስረዱ ሰማዩ ጠቆረ፣ ደጅ የተሰጣው በርበሬ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ባለቤቴ እያዩት ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ልጄ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ ይነሱ» አለች። ተነሡ። «ወደ ደጅ ይውጡ።» ወጡ። «ጎንበስ ይበሉ።» ጎንበስ አሉ፤ ዝናቡ ጀርባቸው ላይ እየወረደ እንደጎበጡ ቀጣዩን መስመር ጠበቁ።