የተውሶ ሶፋ

እኔ ድሮም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልም። እናቴ እንደምትለው ስወለድ እንኳ ቀኔን አልጠበቅሁም፤ አዋላጇ መንገድ ላይ ሳለች ነው የመጣሁት። በዚያ ክረምት ግን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አሜሪካ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀብሎኛል። መቀበሉንስ ተቀብሎኛል፤ ያልተቆረጠው የክፍያው ነገር ነው። አብዛኛውን እኛ እንሸፍናለን፣ ስለቀረው ግን ቤተሰብሽ ምን ያህል እንደሚችል ስናውቅ እንወስናለን ብለው ጻፉልኝ። ያ «የቀረው» የሚሉት ነገር በብር ሲመታ፣ የአባቴ ቤት ከነቆርቆሮው፣ ማሳው ከነገብሱ ቢሸጥ አይሞላውም። እነሱ ካልሸፈኑልኝ አበቃ፤ ቀረሁ ማለት ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንዲት ልጅ ጋር በተከራየሁት ክፍል እንደታሰረች ጥጃ ስሽከረከር ከረምኩ። ኔትወርክ መጣ ሲሉኝ ስልኬን ይዤ ወደ ዳገቱ እሮጣለሁ፣ ጠፋ ሲሉኝ እመለሳለሁ። መልስ መጥቶ እንደሆነ አያለሁ፤ የለም። ኪሴ ከትቼው ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ደግሞ አወጣዋለሁ። ለቤት ኪራይ ብዬ የማስጠናቸው የባለሱቁ ልጆች ክፍልፋይ ሳስረዳቸው መስኮት መስኮቱን ስለማይ «ቲቸር፣ ማን ሊመጣ ነው?» ይሉኛል። አብራኝ የምትኖረው ልጅማ አንድ ቀን መረራት። «ኧረ በማርያም ተቀመጪ! ራሴን አዞርሽው!» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ወዲያው ተነሳሁ።

ኮሌጁ የአባትሽን የደመወዝ ወረቀት ላኪ አለኝ። የገበሬ ደመወዝ ከየት ይምጣ? የባንክ ሒሳባቸውን ላኪ አለኝ። አባቴ ባንክን የሚያውቁት በውጭ በኩል ነው፤ በግ ሸጠው ሲመለሱ በበሩ ያልፋሉ። ይህንኑ ጻፍኩላቸው፤ ድሃ ነን፣ ወረቀት የለንም አልኩ። የመጣው መልስ ጨርሶ ያላሰብኩት ሆነ። የእርዳታ ክፍሏ ሴትዮ ራሷ ከአባቴ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ትፈልጋለች። የምትችይ ከሆነ አንቺ አስተርጉሚ፣ ብላለች።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ሰው ለሰው ከተነጋገረ እውነቱ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። አገሬን የረሳሁት እዚህ ላይ ነው።

አባቴ ያሉበት ገጠር ኔትወርክ የለም። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ቤቷ ገሳይ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ስለሆነ እዚያ ይሻላል። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ አንዲት ፈረንጅ ከአባዬ ጋር በስልክ ልትነጋገር ነው። በቪዲዮ፣ እየተያዩ። አንቺ ቤት ቢሆንስ?»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለኮሌጁ ክፍያ። ያለንን የሌለንን ልትጠይቅ።»

«ቤቱን ታየዋለች?»

«ታየዋለች መሰለኝ።»

«እሰይ! ለእኔ ተዪው» አለች። ተውኩላት። ጉዱ የፈላው በዚህ ነው።

በእኛ አገር ሰው ቤት ሊያይ ከመጣ፣ በተለይ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ከመጣ፣ የጎደለው ይሞላል። ወንበሩ ከአንዱ ጎረቤት፣ ምንጣፉ ከሌላው፣ ብርጭቆው ከሦስተኛው ይመጣል። ይህን ማንም ውሸት አይለውም። ቤት ማክበር ነው። የሚመጡት ሽማግሌዎችም ያውቁታል፤ እነሱም ቤት እንደዚሁ ነው የሚደረገው። ፈረንጇ ግን በምን ታውቃለች?

የቀጠሮው ቀን ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ነበርኩ። ሚኒባሱ ካልሞላ አልንቀሳቀስም አለ። ረዳቱን ስጨቀጭቀው «እህቴ፣ አንቺ ብቻሽን ትሞይዋለሽ እንዴ?» ብሎ አፌዘብኝ፤ ደሜ ፈላ። መንገድ ላይ ደግሞ ዝናቡ ወረደ፤ ሾፌሩ ጭቃውን ፈርቶ ያዘግማል። ቀጠሮው ዐሥር ሰዓት ነው። ገሳይ ስደርስ ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ሆኗል። እየሮጥኩ ገባሁና በሩ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ።

የአክስቴ ቤት የአክስቴ ቤት አይደለም። መደቡ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ግድግዳው ሥር ትልቅ ቡናማ ሶፋ ተገትሯል፤ ባለሆቴሉ ጎረቤቷ ከእንግዳ ማረፊያው አንስቶ ሰጥቷት ነው። ቴሌቪዥኑ የግድግዳውን ግማሽ ይዞታል። ጥግ ላይ ደግሞ ፍሪጅ ቆሟል፤ ገመዱ ከኋላው ተጠቅልሎ ይታያል፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። አባቴ ሶፋው መሐል አዲስ ጋቢ ደርበው፣ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሶፋ ነዋ!»

«ሶፋ መሆኑን ለማየትማ ዓይን አለኝ! ማን አምጪ አለሽ? ድሃ ነን ብዬ እኮ ነው የጻፍኩላቸው!»

ዙሪያውን የቆሙት ዕቃ ያዋሱ ጎረቤቶች መሬት መሬት አዩ። ምንጣፍ ያዋሱት ጎረቤት እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

«ማነው ድሃ?» አሉ አባቴ፣ ቀስ ብለው።

«አባ፣ ለኮሌጁ እኮ ነው። እንዲረዱኝ ካልሆነ...»

«ለመቀናጆ የሰው በር ቆሜ አውቃለሁ? አይተሽኛል?»

አላየኋቸውም። መቀናጆ ማለት አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፣ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር በሬውን ጠምዶ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እያሉ የሚያርሱበት ነው። ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። አባቴ ግን ጎጆ ከወጡ ጀምሮ ጥንድ በሬ ያላቸው፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ማንንም ሳይጠይቁ ጠምደው የሚወጡ ሰው ናቸው። ሌላ ኩራት የላቸውም፤ እሱን ነው የነካሁባቸው።

ልመልስ ስል ስልኩ ጮኸ። አሁን ሶፋ ማን ያወጣል? ቢያንስ የአባቴ ፊት ብቻ እንዲታይ ብዬ ስልኩን አስጠጋሁት። አክስቴ ከኋላዬ መጥታ ወደኋላ ሳበችው። «ቴሌቪዥኑ አልታየም እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። ስልኩን እሷው ይዛ ቀረች፤ እኔ ሄጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሴትዮዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ያደረገች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነች። ቤታችሁ እንዴት ያምራል፣ አለች መጀመሪያውኑ። ተረጎምኩ። አክስቴ ከስልኩ በስተጀርባ ሆና በደስታ አፏን ያዘች። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ምን እንደሚያመርቱ ጠየቀቻቸው። ገብስ፣ ድንች፣ ትንሽ ስንዴ፣ አሉ። ይህ ደህና ነው። ቀጥላ ስንት ከብት እንዳላቸው ጠየቀች። ጥያቄውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ራሴው አፈርኩ፤ በእኛ ዘንድ ሰው ልጁንና ከብቱን ለእንግዳ አይቆጥርም። የተቆጠረ ይጎድላል ብለን እንፈራለን።

«ተመስገን፣ አለ በያት» አሉ አባቴ። «ደጃችን ባዶ አይደለም።»

እንዳሉት አልኳት። ሴትዮዋ ጻፈች። ምን ጻፈች? ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የደጁን ሙላት። ብዕሯ ሲሄድ እያየሁ ኮሌጁ ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። ከዚያ ዋናውን ጠየቀች። በዓመት ቤተሰቡ ለልጅቱ ትምህርት ምን ያህል መክፈል ይችላል?

አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«የጎደለውን ሁሉ እኔ እሞላለሁ፣ በያት። ልጄ እኔ በሕይወት እያለሁ የሰው እጅ አታይም።»

ጎረቤቶቹ «ይበል! ይበል!» አሉ። አክስቴ እልል ልትል ነበር፤ በዓይኔ ገታኋት። አንጀቴን በሉት አባቴ። ይህን ለአንድ ቀን እንኳ መቻል ቢችሉ ምንኛ ይወዱ ነበር! ሴትዮዋ ደግሞ ብዕሯን አንስታ ትጠብቃለች። ዝም ብል ገደል፣ ቃላቸውን እንዳለ ባደርስ ገደል።

ሳላስበው በእንግሊዝኛ መናገር ጀመርኩ። ሶፋው የጎረቤት ነው፣ አልኳት። ቴሌቪዥኑም የጎረቤት ነው። ፍሪጁ መብራት ላይ እንኳ አልተሰካም። እንግዳ አክባሪ ስለሆንን ነው እንጂ ልናታልልሽ አይደለም። አባቴ ሁለት በሬ ነው ያላቸው፤ ሁለት ብቻ። አሁን የነገሩሽ የጎደለውን ሁሉ እሞላለሁ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ይፈልጋሉ። ግን አይችሉም።

ሁለት ስል ሁለት ጣቴን አውጥቼ ነበር። ያወቅሁት በስልኩ ጥግ የራሴን ምስል ሳይ ነው። ቶሎ አጠፍኳቸው።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። አባቴን እያየች፣ በእንደዚህ ያለ ቤት በእንግድነት በመቀመጤ ክብር ተሰምቶኛል በይልኝ፣ አለችኝ። ይህንን ቃል በቃል ተረጎምኩት። አባቴ ከሶፋው ብድግ ብለው እጅ ነሷት። ስልኩ ተዘጋ።

«እኔ ያልኩት እኮ አጭር ነበር» አሉኝ ቆይተው። «አንቺ አስረዘምሽው።»

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው፣ አባ።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ዱላቸውን አነሱ። ሌላ አልጠየቁኝም። ጎረቤቶቹ ሶፋውን እየተጋገዙ ሲያወጡ እሳቸውም በአንዱ ጫፍ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደገፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ጨርሶ ጠፋ፤ መልሱ መጥቶ አየር ላይ የቀረ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ለልጆቹ መልመጃ እየሰጠሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን ኮሌጁ ሙሉ በሙሉ ይከፍላል። የአውሮፕላኑ ትኬትና የመጀመሪያው ዓመት የጤና ዋስትና ግን የቤተሰብ ድርሻ ነው። ጮህኩ፤ ልጆቹ ደንግጠው ከጠረጴዛው ሥር ገቡ።

ደስታው እስከ ማታ አልቆየም። ያም ትንሽ የሚባለው ድርሻ ለእኛ ትንሽ አይደለማ! ለአክስቴ ነግሬያት እሷ ለአባቴ ሰው ላከች። «ሰምቻለሁ፣ ትቆየኝ» ብለዋል አለችኝ። ትቆየኝ! ለእኔ ነው ይህ ቃል? ከሰማሁት ጀምሮ ባሕር ዛፉን አስቆረጡት፣ በጎቹን ሸጧቸው እያለ ወሬ ይደርሰኛል፤ በደረሰኝ ቁጥር ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እመታዋለሁ። ይቅርብኝ ልበል? ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅኋት። «በይ እስኪ ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ከደፈርሽ» አለችኝ።

በገበያ ቀን አባቴ በሩን አንኳኩ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ፤ የከብት ገመድ፣ ከብቱ የሌለበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ከብብታቸው በጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ አውጥተው አጠገባቸው አኖሩት።

«ሞልቷል» አሉ።

ዓይኔ ከገመዱ ላይ አልነሳ አለኝ። «አባ፣ የቱን ሸጡት?»

«ዳልቻውን።»

«በምን ሊያርሱ ነው ታዲያ?»

«ከታች ሰፈር አንዱ በሬው ሞቶበት ነበር። ሄጄ አነጋገርኩት፤ ተቀናጀን።»

ሄጄ አነጋገርኩት! የሰው በር ቆመው! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ። ለቅሶዬን እስክጨርስ ራሴ ላይ እጃቸውን አድርገው ጠበቁኝ። ከዚያ ተነሡ፤ የገሳይ መኪና ቶሎ ይሞላል። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ያችን ሴትዮ ታገኛታለሽ ወይ? እዚያ ስትሄጂ?»

«አገኛታለሁ፣ አባ።»

ሁለት ጣታቸውን ወደ ላይ አውጥተው አሳዩኝ፤ ያን ቀን እኔ እንዳወጣሁት አድርገው። ከዚያ አንዱን አጠፉት።

«አሁን አንድ ነው፣ በያት።»

ገመዱን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወጡ።