መጋረጃ ሰፊዋና የጠጋኙ ስም

መጋረጃ ሰፊዋ በሰፈሩ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በእጇ ጥራትና "አውቃለሁ" በምትለው ቃሏ። እጇስ ይመሰገናል፤ ብጣሽ ጨርቅ ሳታባክን የትልቅ አዳራሽ መስኮት ታለብሳለች። "አውቃለሁ"ዋ ግን ባሏን ሲያስቀው የኖረ ነገር ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። "የኔዋ መንገድ ጠይቃ ከምትደርስ ጠፍታ ብታድር ትመርጣለች" ይላል ለጎረቤት። እሷም አብራ ትስቃለች። ነገሩ እውነት መሆኑን ሆዷ ስለሚያውቀው ግን ሳቋ ከጥርስ አያልፍም።

ላፕቶፕ የመግዛት ሐሳብ የመጣባት በሥራዋ ምክንያት ነው። ቀድሞ ደንበኞቿ ባለትዳሮች ነበሩ፤ በቃል ተስማምተው፣ ጨርቁን በእጃቸው ዳስሰው ይሄዳሉ። ኋላ ግን ክሊኒኩም፣ ሆቴሉም፣ መሥሪያ ቤቱም "ዋጋሽን በኮምፒውተር አስጽፈሽ አምጪ" ይሏት ጀመር። አንድ ቀን በእጇ የጻፈችውን ይዛ ወደ ጽሕፈት ሱቅ ሄደች። ጸሐፊዋ ልጅ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ "እማማ፣ ይሄ 'ዘንግ' ነው 'ዝንብ' የሚለው?" አለቻት። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። "እማማ" መባሉም አንድ ነገር ነው፤ ገና ሃምሳን በቅጡ አልዘለቀችም። ያረጀም ቢሆን የራሴ የምለው እገዛለሁ ብላ የቆረጠችው ያን ዕለት ነው።

ከገበያው ጀርባ፣ ባረጀ ፎቅ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ጠባብ ሱቆች አሉ። ስልክ የሚጠግነው፣ ቴሌቪዥን የሚፈታው፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጠው እዚያ ነው። ከነዚህ አንዱ "ቀስ በሉ" የሚባል ሰው ነበር። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ሰው ሲጣደፍ በሰማ ቁጥር ከሚጠግነው ዕቃ ቀና ሳይል "ቀስ በሉ" ስለሚል። ረጋ ያለ፣ ድምፁ ከሱቁ ደጃፍ የማያልፍ ሰው ነው።

"ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ?" አላት።

"ለቀላል ነገር ነው። ዋጋ ለመጻፍ፣ ኢሜይል ለመላክ፣ የመጋረጃ ዓይነት ለማየት።"

ከመደርደሪያው ወፈር ያለ፣ ጥጉ የተላጠ ጥቁር ላፕቶፕ አወረደ። "ይሄ ሽማግሌ ነው፤ ግን ለእርስዎ ሥራ ይበቃል። አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ባትሪው ሞቷል። ከቻርጀሩ ሲነቀል ያኔውኑ ነው የሚጠፋው። እንደ ቴሌቪዥን ይቁጠሩት። ሲጽፉም ቶሎ ቶሎ ሴቭ ያድርጉ፤ አለዚያ የጻፉት ሁሉ ይጠፋል። ሴቭ ማድረግ ያውቃሉ?"

ከኋላዋ ወጣቶች ተራ ይጠብቃሉ። "እማማ" የተባለችበት ሳቅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ሰውየው የሚለውን ከመስማት ይልቅ የሚገባት ሰው ለመምሰል ነበር የምትደክመው።

"አውቃለሁ" አለች።

"ላሳይዎት? ጊዜ አለኝ።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።"

እሱም "እሺ" ብሎ ጠቀለለላት።

ቅዳሜ ለታ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለክሊኒኩ የምታቀርበውን ዋጋ በአንድ ጣቷ ስትለቅም ዋለች። እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን ዘንግ፣ የጨርቁን ዓይነትና ቀለም ጻፈች። ሲመሽ ጽሑፏን ከላይ እስከ ታች አይታ ልጅ እንደወለደች ሴት ደስ አላት። ከዚያ ወጥ ልታሞቅ ወደ ማድ ቤት ገባች። ስትመለስ ስክሪኑ ጨልሟል። ማብሪያውን ተጫነችው፤ የለም። ደግማ ደጋግማ ተጫነች። ባሏ ከሶፋው ላይ ስልኩን እያየ፣ "ምን ሆነ?" አላት።

"ሸውዶኝ ነዋ" አለች። "የሞተ ዕቃ ነው የሸጠልኝ።"

ሌሊቱን በሙሉ ስትገላበጥ አደረች። በልቧ የጠጋኙ እርጋታ ተንኮል፣ "ጊዜ አለኝ" ማለቱ ወጥመድ እየሆነ መጣ። እሑድን እንደምንም አሳልፋ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ታቅፋ ፎቁ ሥር ስትደርስ ንዴቷ ቀድሟት ነበር።

"ሌባ!" አለችው ገና ከደጁ። "ሴት ናት፣ አታውቅም ብለህ ነው? የሞተ ዕቃ ለሰው ይሸጣል? የደከምኩበት ሁሉ ገደል ገባ!"

የሱቆቹ መስመር በሙሉ ዝም አለ። ስልክ ጠጋኞቹ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ቀስ በሉ ጋ ቆሞ የነበረ ደንበኛ ለጥገና ያመጣውን ላፕቶፕ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሣና ብብቱ ውስጥ ከቶ ሄደ። እሷም ይህን አየች፤ እንዲያውም የልብ ልብ ሰጣት።

"ቀስ ይበሉ፣ እትዬ" አለ ጠጋኙ። ፊቱ አመድ መስሏል። ላፕቶፑን ከእጇ ተቀብሎ ቻርጀሩን ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ቦግ አለ።

"ባትሪው ሞቷል ብዬዎት ነበር" አላት፣ ድምፁን ከወትሮው ዝቅ አድርጎ። "ወይ ተነቅሎ ነው፣ ወይ የሰኩበት ሶኬት አይሠራም።"

ከስልክ ጠጋኞቹ አንዱ፣ "እና ሌባው ማን ሆነ ማለት ነው?" አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሌሎቹ ግን ሩቅ ስለነበሩ ጩኸቷን እንጂ የጠጋኙን መልስ አልሰሙም።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ማለት ግን አልሆነላትም። ላፕቶፑን አፈፍ አድርጋ፣ ቻርጀሩ እንደ ጅራት ከኋላዋ እየተጎተተ፣ ወጥታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ባሏን በጥያቄ አጣደፈችው። እሱም ጭንቅላቱን እያከከ፣ "ስልኬ ሊዘጋብኝ ሲል ነቅዬው ነበር። መልሼ ግን ሰክቼዋለሁ፤ ማከፋፈያው ላይ" አላት። የማከፋፈያው አንዱ ቀዳዳ ከሞተ ቆይቷል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ የሰካውም እዚያው ላይ ነበር። ጥፋቱን ለሱ አሸክማ ልትገላገል ፈለገች፤ ለአንድ አፍታም ጮኸችበት። ነገር ግን ሶኬቱን የነቀለው የባሏ እጅ ቢሆንም "ሌባ" ያለው የሷ አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ በፎቁ በኩል ማለፍ ተወች። ክርና ዚፕ የምትገዛበት ሱቅ እዚያው አጠገብ ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥም በሌላ መንገድ እየሄደች ከሌላ ትገዛለች። ላፕቶፑንም በጨርቅ ሸፍና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ለክሊኒኩ የምታቀርበው ዋጋ ሳይደርስ ቀረ፤ ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ይገባኛል አለች በልቧ።

አንድ ቀን የክሊኒኩ ነርስ ለራሷ ሳሎን መጋረጃ ልታሰፋ መጣች። መጋረጃ ሰፊዋ በርከክ ብላ፣ በከንፈሮቿ መርፌ ቁልፍ ይዛ፣ የጨርቁን ጫፍ ታጥፋለች። ነርሷ ጨዋታ ጀመረች።

"ላፕቶፔ ተበላሽቶብኝ ወዴት እንደምወስደው ቸገረኝ። ቀስ በሉ የሚሉት ሰው ጋ ልወስደው ነበር፤ ለካ አጭበርባሪ ነው። ለአንዲት ምስኪን ሴት የሞተ ላፕቶፕ ሸጦላት ገበያ መሀል ስታለቅስ ነበር አሉ።"

መጋረጃ ሰፊዋ አላለቀሰችም ነበር። ወሬው በመንገዱ ላይ እንባ ጨምሮላታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሷ ግን አፋፉንም ተሻግሮ፣ ልብስ ለብሶ፣ ተመልሶ ቤቷ ገባ። ቀና ብላ ልትናገር አሰበች። ነገር ግን መርፌዎቹ ከንፈሯ ላይ ነበሩ፤ እነሱን እስክታወጣ ነርሷ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገረች። እውነቱን ለመናገር መርፌዎቹ ምክንያት ሆኗት እንጂ አልከለከሏትም። "እምም" ብቻ አለች። ነርሷ ስትወጣ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ቆየች። የመጀመሪያውን በንዴት አድርጌዋለሁ፤ ይሄንንስ በምን አደረግኩት ልበል? አለች ለራሷ።

ነርሷ መጋረጃውን ልትወስድ ስትመጣ መጋረጃ ሰፊዋ ጨርቁን አጣጥፋ ጠበቀቻት። ከመስጠቷ በፊት፣ "ያቺ ሴት እኔ ነኝ" አለች።

"የቷ ሴት?"

"ቀስ በሉ አጭበረበራት ያልሽኝ። አላጭበረበረኝም። ባትሪው ሞቷል ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ሰው ፊት ሌባ ብዬ ጮህኩበት። ላፕቶፑ ይሠራል።"

ነርሷ ጨርቁን ልትቀበል የዘረጋችውን እጅ መለሰች። "ታዲያ ያን ጊዜ ስነግርሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"አፍሬ።"

"ሌላ ሰው ጋ ወስጄው ጭራሹን አበላሽቶብኛል" አለች ነርሷ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። መጋረጃዋን ይዛ ወጣች።

መጋረጃ ሰፊዋ ያኔውኑ ሥራዋን አቁማ ላፕቶፑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች። ይዛውም ፎቁ ሥር ደረሰች። ጎረቤት ሱቆች በሰው ታጭቀዋል፤ ቀስ በሉ ግን ብቻውን ተቀምጦ አንድ ኪቦርድ በብሩሽ ያጸዳል። ስትመጣ አይቶ እጁን አቆመ።

"ሌባ ብዬሃለሁ" አለች። ለመጮህ ነበር የመጣችው፤ ሁሉም እንዲሰማ። ያን ቀን የገበያውን መስመር ዝም ያሰኘው ድምፅ ግን ዛሬ እንደ ክር ቀጠነባት። "ሌባ አይደለህም። ነግረኸኝ ነበር። ያልገባኝን ገባኝ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።"

ጠጋኙ ብሩሹን አስቀመጠ። "ያን ዕለት ሚስቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ከኋላዎ ቆማ ነበር" አላት።

ላፕቶፑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ማታ ቤት ስገባ፣ 'እውነት ነው እንዴ?' ብላ ጠየቀችኝ። አስረዳኋት፤ አመነችኝ። መጠየቋ ግን..." አለና ተወው።

"ለሱቅህ መጋረጃ ልስፋልህ" አለች የምትለው ቢጠፋት። "ጥሩ ጨርቅ አለኝ፤ በነፃ።"

"መጋረጃ ምን ያደርግልኛል? እኔ የቸገረኝ የሚያየኝ ሰው ነው።"

ሊቀልድ ይሁን ሊወጋት አልታወቃትም። "ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሌባ አለመሆኔን እኔማ አውቀዋለሁ። ለሰሙት ይንገሩ።"

እናም መጋረጃ ሰፊዋ ከሱቅ ሱቅ መሄድ ጀመረች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት መሆኑን ያን ዕለት በእግሯ ተማረችው። ቴሌቪዥን የሚፈታው ሰውዬ ጭራሽ አላስታወሳትም፤ ከሥሩ ጀምራ ጥፋቷን ልትተርክለት ግድ ሆነ። ስልክ ጠጋኙ ደንበኞቹን ጠርቶ፣ "ኑ ስሙ፣ እትዬ እንደገና ይንገሯቸው" አላት፤ ነገረቻቸው። የሽቦ ነጋዴዋ ደግሞ፣ "እና እኔ ምን ላድርግልሽ?" ብላ ፊቷን አዞረች። መስመሩን ስትጨርስ ጀርባዋ በላብ ርሷል።

ተመልሳ ጠጋኙ ጠረጴዛ አጠገብ ላፕቶፑን አኖረች። "ሴቭ ማድረግ አላውቅም" አለችው። ወንበር ሳበላትና አሳያት። አንዴ አሳያት፤ ረሳች። ደግሞ አሳያት። ከኋላዋ አንዲት ተማሪ ተራ ይዛ ትጠብቅ ነበር፤ መጋረጃ ሰፊዋ ፊቷ እንደ እሳት እየፋመ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

ላፕቶፑ ዛሬም ከመስኮቱ ሥር ነው፤ የዋጋ ወረቀቶቿን የምትጽፈው በሱ ነው። ቀስ በሉም ደንበኞቹ ተመልሰውለታል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ የሄደው ሰው እንዳልተመለሰ ታውቃለች፤ ማንነቱን ጠይቃ ልትነግረው ፈልጋ አላገኘችውም። ነርሷም ሌላ መጋረጃ ሰፊ ዘንድ መሄድ ጀምራለች አሉ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይሏል፤ ከመቃብር በላይ ያለውን ነገር ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ አያቃኑትም።

በቀደም ከባሏ ጋር በፎቁ በኩል ሲያልፉ ጠጋኙን ሰላም አለችው። እሱም ቀና ብሎ አንገቱን ነቅነቅ አደረገና ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ይኸው ታርቃችኋል" አላት ባሏ።

"ሰላምታዬን መለሰልኝ እንጂ መች ታረቅን።"

"ታዲያ ፊትሽን ምን አቀላው?"

"ሙቀቱ ነው" አለች። ሰማዩ ደመና ነበር። ባሏም ነገሩ ገብቶት የያዘችውን ዘንቢል ተቀበላትና ወደ ክር ሱቁ ገቡ።