የግራ ጉልበቱን የጠየቅኩ ቀን

ዳውንታውን አትላንታ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ የቡድኑ ሰዎች መኪና የሚያቆሙበት ፓርኪንግ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ አሜሪካ ፉትቦል የማውቀው ነገር አልነበረም። ሰው ግን አያለሁ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ከመኪናው ሲወርድ ሳይ ውዬ ነው የምገባው።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ በአንዱ ኦገስት፣ አንድ አዲስ ተጫዋች መጣ። የበር መቃን የሚያህል ሰውዬ፣ ዕድሜው ግን ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። "እንደምን አደሩ፣ ሰር" ሳይለኝ አያልፍም። ገና እየሞከሩት ነበር፤ ወሩ ሲያልቅ ከፊሉን አስቀርተው ከፊሉን ያሰናብታሉ።

ከመኪናው ሲወርድ የግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ነው መሬት የሚያስነካው። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ቅዳሜ የሙከራ ጨዋታውን በቴሌቪዥን አየን። እዚህ ያደገችው ልጄ አጠገቤ ሆና ታስረዳኛለች።

"አባዬ፣ የሱ ሥራ ኳስ መያዝ አይደለም። ፊቱ ያሉትን ሰዎች ገፍቶ፣ ኳስ ወርዋሪውን መጣል ነው።"

"እየገፋ አይደለም እንዴ?"

"ኖ፣ እነሱ ናቸው የሚገፉት። ሌዚ ነው፤ ቲቪው ላይም እንደዛ እያሉት ነው። ከት ያደርጉታል፣ ያሰናብቱታል፣ ታያለህ።"

እኔ የማየው እግሩን ነበር። የሚነሳው በቀኙ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሲጫነው ግራው ይከዳዋል፤ እሱ ግን ቦታውን አይለቅም።

"ሰነፍ አይደለም። ታሟል" አልኳት።

"ታዲያ ለምን አይናገርም?"

ሰኞ ከልምምድ በኋላ ተጫዋቹና አሰልጣኙ አብረው ወጡ። አሰልጣኙ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። እኔ ባደግኩበት የታመመን ሰው አይቶ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ልጄ፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? እግዚአብሔር ይማርህ" አልኩት በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

ያ አልበቃኝም። ወደ አሰልጣኙ ዞሬ፣ "ቴሌቪዥኑ ሰነፍ ይለዋል። አይደለም። ሁለት ሰው ያቆመው በአንድ እግሩ ነው" አልኩ። መመስከሬ ነበር።

አሰልጣኙ ቀጥ አለ። "የትኛው ጉልበት?" ሲል የጠየቀው እኔን እንጂ ልጁን አይደለም።

"የግራው።"

ልጁ አቀርቅሮ ቀረ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት።

"አባዬ፣ ደብቆት ነበር እኮ። ገና ሲሞክሩት የተጎዳን ሰው ማን ያስቀራል?"

ረቡዕ ልብሱን በጥቁር ፌስታል ይዞ ብቻውን ወጣ። ተከትዬው እስከ መኪናው ሄድኩ።

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ። አላወቅኩም።"

"አውቀዋል እንጂ፣ ሰር" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። "ስጫወት አይተው ያወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

የግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ መኪናው ውስጥ አስገባ። የዚያን ቀን ዙሪያውን አላየም።