«ፀሐይ ነው» ያለው ከበሮ

ይህን ታሪክ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልሁ ብዙ አመነታሁ። ጦርነት የለበትም፤ ታላቅ ሰውም የለበት። ያለበት አንድ ከበሮ፣ አንድ የታመመ ጉልበት፣ አንዲት አህያና ያለጊዜው የመጣ ዝናብ ነው። እኔም ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትዝታ ማውራት ሽበት ላለው ሰው እንደሚያምር አላጣሁትም። ሰው ይህን አንብቦ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይለኝ ይሆናል። ሆኖም ባለፈው ቅዳሜ የሆነ ነገር ዝም አላስብል አለኝ።

ልብስ ልናጥብ ነበር። ዶርም አብራኝ የምትኖረው ልጅ ስልኳን ከፍታ የአየር ሁኔታውን አየችና «ዛሬ ጠብታ አይወርድም፤ እጠቢ ዝም ብለሽ» አለችኝ። አጥበን፣ ጨምቀን፣ ገመዱን ሞልተን ገና እጃችንን ሳናደርቅ ዝናቡ ወረደ። እየሮጥን ስንሰበስብ እሷ ስልኳን እንደ ሰው «ውሸታም! ዓይንህ ይፍሰስ!» እያለች ትራገማለች። እኔ ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«እኛ አገር የሚዋሸው ከበሮ ነበር» አልኋት።

አልገባትም። ላስረዳት ስጀምር ግን ሳቁ ከፊቴ ጠፋ። ያን ቀን ያየሁት ነገር እንደገና ፊቴ ድቅን ሲል፣ እርጥብ ልብስ ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ስለዚህ እንደምንም በቅደም ተከተል ልጽፈው።

አገሬ ላይ ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ የጉና ተራራ በስተምዕራብ በሚታይበት ሸንተረር ላይ። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። ከተማ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን፤ ቅዳሜ ወደየቤታችን ሄደን እሑድ ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን። የእኔ ስንቅ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ምንጩ አንድ ነበር፤ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ቂጣውም ገብስ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እርሻችን በዘመድና በጎረቤት እጅ ነበር የሚታረሰው፤ ከዚያ ገብስ ሌላ የምንተማመንበት አልነበረንም። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እማ ሳትቆጣም ሳታዝንም እንዲህ አለችኝ። «ገብሱ ጎታ ከገባ ትማሪያለሽ። ካልገባ ግን ስንቅ የለም፤ እዚሁ አብረን እንቀመጣለን።»

ገብስ ታጭዶ፣ ነዶው ተሰብስቦ፣ ተከምሮ እስከቆየ ድረስ ብዙ አያሰጋም። ክምሩ ጫፉ የሾለ ስለሆነ ዝናብ ቢመጣም ውኃው እየተንሸራተተ ይወርዳል። ሥጋቱ ክምሩ ተንዶ አውድማ ላይ ከተበተነ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ዝናብ ካገኘው ይጠጣል፤ ጠጥቶ ይሞቃል፤ ሞቆ ያቆጠቁጣል። ውቂያው ደግሞ በደቦ ነው። ዛሬ የእገሌን፣ ነገ የእገሊትን እያሉ ቀን ይደለድላሉ፤ ቀንሽ ካለፈ ሁሉም ወቅቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ስለዚህ እኛ መንደር ቀን መምረጥ ቀልድ አልነበረም።

ቀልድ ባይሆንም የምንመርጥበት መንገድ ግን ያስቃል። ሁሉም ሰው የራሱ ጠንቋይ አለው። አንዷ የጨው ቅሏን ከፍታ ጨዉ ላብ ላብ ብሎት እንደሆነ ትዳስሳለች። የደቦው አለቃ አያ ይመር በወጣትነታቸው በሬ የረገጠው ጉልበት አላቸው፤ ሊዘንብ ሲል ይጠዘጥዛቸዋል። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ደግሞ ከአህያዋ ሌላ አትሰማም። አህያዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካስተኛች ዝናብ፣ ካቆመች ፀሐይ።

ከሁሉም በላይ የሚታመነው ግን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነበር። ትልቅና ያረጀ ከበሮ ነው፤ ቆዳው ከብዙ እጅ መዳፍ ወዝ የተነሣ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ቆዳው ይላላል፤ ድምፁም ውኃ የገባበት እንስራ የተመታ ይመስል «ዱብ» ብሎ እዚያው ይሞታል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ግን ቆዳው ይወጠራል፤ ሲመታ ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ከማዶ ተራራ ይመለሳል። የበዓል ቀን ቅጽሩ ውስጥ የቆሙ ገበሬዎች ሲጸልዩ ቆይተው ከበሮው ሲጀምር አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ልጅ ሆኜ የሚመስለኝ እመቤታችን በከበሮው ውስጥ ስለ ሰማዩ ለሰዎቹ የምትነግራቸው ነበር። አሁን ስለ እርጥበትና ስለ ቆዳ ተምሬያለሁ፤ ግን ያ ድምፅ ደረቴ ውስጥ ሲገባ የነበረውን ነገር ትምህርቱ አልወሰደብኝም።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ነበር፤ የእኛ ደቦ በማግሥቱ ነበርና። ጎህ ሲቀድ በሴቶች በኩል ከእማ ጎን ቆምሁ። ብርዱ እግር ያደነዝዛል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። የእስቴ ሰዎች የሆኑ እንግዳ መዘምራን ከመካነ ኢየሱስ መጥተው ስለነበር ያሬዳዊው ዜማ ከወትሮው ደምቋል። ከዚያ ከበሮው ተመታ። እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ድምፁ ወደ ቆላው ወርዶ፣ ማዶ ደርሶ ሲመለስ ሁለት ከበሮ ያለ ይመስል ነበር። እማ ዓይኗን ጨፍና ክንዴን ያዘችኝ።

«ሰማሽው?» አለች በሹክሹክታ። «እንደ ብርጭቆ እኮ ነው!»

ከቅዳሴ በኋላ ለበዓሉ በተተከለው ነጭ ድንኳን ሥር ዳቦና ጠላ እየቀረበ ሳለ ክርክሩ ተነሣ።

«አያ ይመር፣ ጉልበትዎ ምን ይላል?» ብላ እማ ጠየቀች።

አያ ይመር ጉልበታቸውን እያሹ «ዝናብ ይላል» አሉ።

«እሱ መች ሌላ ብሎ ያውቃል?» አለች እትዬ ሙሉ። «በጥምቀት ዝናብ፣ በፋሲካ ዝናብ! እርስዎ የተሸከሙት ጉልበት አይደለም፤ ክረምት ነው።»

«ያንቺ አህያ ትሻላለቻ!»

«ትሻላለች እንጂ! ዛሬ ጆሮዋን እንደ ጦር አቁማ፣ አቧራ ላይ ተንከባላ ነው የተነሣችው። ፀሐይ ነው ያለች።»

«የተንከባለለችው ቁንጫ በልቷት ነው።»

«የእርስዎን ጉልበትስ ማን በላው ታዲያ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እማ ግን አልሳቀችም። «እኔ ጉልበትም አህያም አልሰማ» አለች። «ከበሮዋን ሰምቻለሁ። ነገ ይናዳል።»

አያ ይመር «ገብሱ ያንቺ ነው፤ ቃሉም ያንቺ ነው» አሏት። «ጉልበቴ ቢያጉረመርምም ነገ ከሁሉ ቀድሜ እገኛለሁ።»

ተገኙም። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ እያነከሱ መጥተው ክምሩን የነካው የመጀመሪያው መንሽ የእሳቸው ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጉና በጣት የሚነካ ይመስላል። በእበት የተለቀለቀው አውድማ ላይ ነዶው እየተፈታ ተበተነ። በሬዎቹ ዙሪያውን ጀመሩ፤ ወንዶቹ «ሆ!» እያሉ ይነዷቸዋል፤ የገብሱ ሽታ፣ ያ ደረቅና ጣፋጭ ሽታ፣ አፍንጫን ይሞላል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ንፍሮና ጠላ አመላልሳለሁ። እማ ወገቧን ታጥቃ፣ የወደቀች ዛላ ሁሉ እያነሣች ወደ አውድማው ትመልሳለች። ፊቷ ላይ ከአባቴ ሞት ወዲህ ያላየሁት ተስፋ አየሁ።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ድንገት ቆመ።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ገለባው ነው፤ ወደ ላይ የተወረወረው ገለባ ወደ ጎን ሳይሄድ ባለበት ቀጥ ብሎ ወረደ። ቀጥሎ በሬዎቹ ቆሙ። አያ ይመር ቀና ብለው ወደ ምዕራብ አዩ፤ እኔም ተከትዬ አየሁ። ጉና የለም። ያ ሁሉ ተራራ፣ ተወልጄ ካየሁት ነገር ሁሉ ትልቁ፣ ጠፍቷል። በእሱ ቦታ ከሰማይ እስከ ምድር የተዘረጋ ነጭ ግድግዳ ቆሟል፤ ግድግዳውም ይራመዳል። አንድ ሸንተረር ይውጣል፤ ቀጥሎ ያለውን ይውጣል። የሩቅ መንደር ቆርቆሮ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ድምፁ ገና አልደረሰንም ነበር፤ ፍጹም ጸጥታ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ቅጽበት ገብሱንም፣ ትምህርቴንም ረስቻለሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር እያየሁ መሆኔ ብቻ ነበር የገባኝ፤ በልቤም «እንዴት ያምራል!» እያልሁ ነበር።

«ነዶውን!» ብለው አያ ይመር ጮኹ። «ሰብስቡ! ከምሩ!»

«ብዬ ነበር» አላሉም። ያን ጊዜ ማንም ስለ ጉልበት አላሰበም። ወንዱም ሴቱም በመንሽ፣ በእጅ፣ በቀሚስ እያቀፈ ወደ መሐል ይከምራል። እትዬ ሙሉ የቤቷን ቁርበት ሁሉ ይዛ እየሮጠች መጣች። ግን ያ ሁሉ ገብስ በጥቂት ቁርበት የሚሸፈን አልነበረም። እማ የተበተነውን እያየች፣ እጆቿን ዘርግታ አውድማው መሐል ቆመች። አላለቀሰችም፤ እንደ ምሰሶ ቆመች እንጂ። ያኔ ነው እኔ የፈራሁት።

በዚህ መሐል ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ አንድ ነጭ ነገር ሲወርድ አየን። ድንኳኑ ነው። ሥሩ ያሉት ሰዎች ስለማይታዩ እግር አውጥቶ ብቻውን ቁልቁል የሚሮጥ ይመስል ነበር። ከኋላችን ነጩ ዝናብ እየመጣ፣ ከፊታችን ነጩ ድንኳን እየመጣ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ ትንፋሼን ውጬ አየሁ። ሲቀርብ ከፊት ጫፉን ይዘው የሚሮጡት የማርያም ቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ ሆኑ። ጥምጣማቸው ወልቆ፣ ነጠላቸው ተጎትቶ፣ ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ከኋላቸው ዲያቆናቱና የእስቴ እንግዶች ናቸው።

«ወጥሩት! በዚያ በኩል ያዙ!» አሉ መሪጌታ። ምሰሶውን ትተውት ስለመጡ መዘምራኑ መቋሚያቸውን ባላ አድርገው ደገፉት። ድንኳኑ ከክምሩ ላይ እንዳረፈ ዝናቡ ደረሰ። ሲወርድ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው ሁሉ ገብሱን ከቦ፣ ሸራውን በእጁና በራሱ ደግፎ ቆመ፤ ገበሬው፣ ካህኑ፣ ስሙን የማናውቀው የእስቴ እንግዳ፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሆነ። ማንም ለራሱ መጠለያ አልፈለገም።

ዝናቡ ጋብ ሲል መሪጌታ ጎንበስ ብለው ወደ እማ ቀረቡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እመቤት» አሏት።

«ዝናቡን እርስዎ አመጡት እንዴ፣ መሪጌታ?»

«ከበሮውን አሞቅሁት። በዋዜማው ደንዝዞ አገኘሁትና፣ በእስቴ ሰዎች ፊት እንዲህ ያለ ከበሮ ይመታል ወይ ብዬ ከቤተልሔሙ እሳት ዳር አሳደርሁት። እናንተ ለገብስ እንደምትሰሙት ረሳሁ። ዛሬ ደመናውን ሳይ ነው ትዝ ያለኝ።»

ከሸራው ጫፍ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። አያ ይመር እግራቸውን እያሹ «ምነው መሪጌታ!» አሉ። «ጉልበቴንም አብረው ባሞቁልኝ፣ እሱም ፀሐይ ይል አልነበር?»

መጀመሪያ የሳቀችው እማ ናት። ስትስቅ እንባዋ አብሮ ወረደ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ እንግዶቹም ሳቁ፣ በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው እስኪንቀጠቀጡ ሳቁ።

ገብሱ ሁሉ አልዳነም። ከዳር የነበረው ጠጥቶ ስለነበር አቆጠቆጠ፤ እማ ግን የበቀለውን አድርቃ ብቅል አደረገችው፤ ብቅሉም ለማርያም ማኅበር ጠላ ሆነ። አብዛኛው ተረፈ። መሪጌታ «ድንኳኑ ገብሱ እስኪደርቅ እዚያው ይቆይ፤ እመቤታችን አትቸኩልም» ብለው ስለፈቀዱ ለቀናት አውድማችን ላይ እንደተተከለ ቆየ። የደቦው ሰዎችም ቀናቸውን አሸጋሽገው የእኛን ከመሐል አስገቡት።

እኔ እስከ ዛሬ ሰማይ ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። አሁን የምማርበት ከተማ ቆላ ነው፤ ዝናቡም እንደዚያ አይራመድም። ብዙ ጊዜ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩን እየሰማሁ፣ ይህን ወንበር የሰጠኝ ማን እንደሆነ አስባለሁ። ያኔ የሚታየኝ ያ ተራራ የዋጠ ግድግዳ ነው፤ ከሥሩም እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የቆሙት፣ ከእሱ አንጻር ጉንዳን የሚያህሉት ሰዎች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መወሰን አቅቶኛል፤ ሁለቱም ያስፈሩኛል፣ ሁለቱም ያስደንቁኛል። ለዚህ ነው መጻፍ ይገባዋል ያልሁት።

የመጨረሻው ገብስ ተወቅቶና ገለባው እንዲለይ በነፋስ ተዘርቶ ጎታችን የገባው ኅዳር ሠላሳ ቀን ነው።