ቅላቱ ከመስመሩ ሲያልፍ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ በቤታችን ቁስል በታየ ቁጥር ልቤ አያርፍም። በሐይቁ ገዳም የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ቁስል ይዞ ለመጣ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ይደቁሱና ጥቂት አቆይተው፣ በማር ለውሰው ይቀቡለት ነበር። ከዚያ በመጻፊያ ብዕራቸው የቅላቱን ዳርቻ ዙሪያውን ያሰምሩበት ነበር።

ኮሌጅ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጄ አንድ ቀን አጎቴን፣ «አባባ፣ ማቆየትዎ ደግ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው ነገር የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ከተደቆሰ በኋላ ነው» አለቻቸው።

«መግደሉንስ አይቻለሁ» አሉ። «ማን እንደሚያሸንፍ ግን አስቀድሜ አላውቅም። ቅላቱ ከመስመሬ ካለፈ እኔ ተሸንፌያለሁ፤ ሐኪም ቤት ሂዱ።»

ከትናንት በስቲያ የልጅ ልጄን የጀልባ እንጨት ቅልጥሟን ቧጨራት። እንደ እሳቸው አድርጌ ቀባሁላት፤ በእስክርቢቶ አሰመርሁ። ዛሬ ጠዋት ቅላቱ መስመሩን አልፎ ወደ ጉልበቷ ወጥቷል፤ እግሯም ይፋጃል።

«እማዬ፣ እስከ ከሰዓት እንየው ይሆን?» አለች ልጄ።

አጎቴ ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር ዞር አልሁ። መቀባቱን ከእሳቸው ተምሬአለሁ። ተሸነፍን የሚሉልን ግን ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ።

«ባጃጅ ጥሪ» አልኋት።